አድራሻውን ይዞ የማይጓዝ ሥራ

የመመረቂያ ሥራ ማስረከቢያ ቀን በቀረበ ቁጥር ከየኮምፒዩተር ክፍሉ አንድ ዐይነት ሮሮ ይሰማል። «ሰርቨሩ ሥራዬን በላብኝ» የሚል ነው። የሥነ ሕንፃው፥ የፊልሙና የሥዕሉ ተማሪ፥ እንዲሁም ከእኛ ከአርት ፋኩልቲ ታሪክና ቅርስ የሚያጠናው ጭምር ዛሬ የሚያጠናውን ነገር ስሪዲ በሚባለው ዘዴ በኮምፒዩተር ውስጥ እየገነባ ያሳያል። ሙሉ ወሰነ ትምህርት የተደከመበት የጥንት ቤት ሞዴል በባለቤቱ ላፕቶፕ ላይ ግድግዳው ድንጋይ፥ ወለሉ ጣውላ፥ ጣራው ሣር ሆኖ አምሮ ይታያል። ወደ ሰርቨር ተወስዶ ሌሊቱን ሬንደር ሲደረግ አድሮ ጧት ሲከፈት ግን ግድግዳውም ወለሉም ጣራውም አንድ ዐይነት ደማቅ ሮዝ ቀለም ለብሶ ይገኛል።

ለመሆኑ ጥፋተኛው ማን ነው? ተማሪው ሰርቨሩን ይከሳል። የሰርቨሩ ኃላፊ ተማሪውን ይከሳል። ሁለቱም ሲታክታቸው ተስማምተው ፕሮግራሙን ይከሳሉ። እኔ ግን ሰርቨሩ ምንም አልበላም፥ ፕሮግራሙም የታዘዘውን ፈጽሟል ባይ ነኝ። ሥዕሎቹ ዛሬም በባለቤቱ ላፕቶፕ ላይ በሰላም ተቀምጠዋል። የጠፋው አድራሻቸው ነው። አድራሻውም የተበላሸው ሥራው ወደ ሰርቨር በተጫነበት ሌሊት ሳይሆን፥ ገና የመጀመሪያው ሥዕል በሞዴሉ ላይ በተለጠፈበት ዕለት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱም መፈለግ ያለበት እዚያው መጀመሪያው ላይ ነው እላለሁ።

በዚህ ሥራ ላልተለማመደው አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አንድ የስሪዲ ሞዴል ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቅርጹ ሲሆን፥ ይህ ገና ያልተለሰነ ያልተቀባ የጭቃ ቤት ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ቴክስቸር የሚባለው ነው። ይህም በቅርጹ ላይ የሚለጠፍ ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ ነው፤ የድንጋዩ ፎቶ፥ የእንጨቱ ፎቶ፥ የዝገቱ ፎቶ የመሳሰለው። ሬንደር ማድረግ ማለት ደግሞ ኮምፒዩተሩ ቅርጹን፥ ሥዕሎቹንና ብርሃኑን አንድ ላይ አስልቶ የመጨረሻውን ምስል እንዲሥል ማዘዝ ነው።

እንግዲህ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር የሚከተለው ነው። ሞዴሉ የተቀመጠበት ዋናው ፋይል ብዙውን ጊዜ ሥዕሎቹን በሆዱ አይዝም። በሆዱ የሚይዘው ሥዕሎቹ የሚገኙበትን አድራሻ ብቻ ነው። ተማሪው ዋናውን ፋይል ብቻ በፍላሽ ይዞ ሲሄድ የያዘው የዕቃዎቹን ዝርዝር እንጂ ዕቃዎቹን አይደለም። ሥዕሎቹን ሁሉ አንድም ሳያስቀር ቀድቶ ቢሄድ እንኳ አድራሻው የተጻፈበት መንገድ ጉድ ሊያደርገው ይችላል።

አድራሻ የሚጻፍበት መንገድ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ሙሉ አድራሻ ነው። ለምሳሌ አልማዝ የምትባል ተማሪ የድንጋይ ፎቶ ዴስክቶፕዋ ላይ አስቀምጣ ብትለጥፍ ፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው «ሲ ድራይቭ፥ ከዚያ ዩዘርስ፥ ከዚያ አልማዝ፥ ከዚያ ዴስክቶፕ፥ ከዚያ አዲስ ፎልደር፥ ከዚያ ድንጋይ» የሚል ይሆናል። ይህ አድራሻ በአልማዝ ላፕቶፕ ላይ ፍጹም ትክክል ነው። በሌላ በማንኛውም ማሽን ላይ ግን ፍጹም ስሕተት ነው። ሰርቨሩ ላይ አልማዝ የሚባል ተጠቃሚ የለም፤ የአልማዝ ዴስክቶፕም የለም። ሰርቨሩ ሊኑክስ ከሆነ ደግሞ ሲ ድራይቭ የሚባለውም ነገር ከነጭራሹ የለም።

ይህ ልዩነት ዝም ብሎ የመጣ ሳይሆን ታሪክ ያለው ነገር ነው። ዩኒክስ የተባለው ሥርዐት ቤል ላቦራቶሪስ ውስጥ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራ ፋይሎች ሁሉ ከአንድ ሥር የሚበቅሉ የአንድ ዛፍ ቅርንጫፎች እንዲሆኑ ተደረገ፤ ሊኑክስም ይህንኑ ተከተለ። ማይክሮሶፍት በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤም.ኤስ. ዶስ ግን እያንዳንዱን ዲስክ በፊደል መጥራቱን ከቀደመው ሲ.ፒ.ኤም. ወረሰ። በ1983 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው እትሙ ፎልደር በፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ሲፈቅድ፥ ወደ ፊት ያዘመመችው መስመር ቀድሞ ለሌላ ሥራ ተይዛ ስለ ነበረች የፎልደሮች መለያ ወደ ኋላ ያዘመመችው እንድትሆን ተደረገ። ዊንዶውስ ይህን ሁሉ ወርሶ እስከ ዛሬ ይዞታል። የዛሬው ተማሪ ላፕቶፑ በዊንዶውስ፥ ሰርቨሩ በሊኑክስ ሲሆን፥ ሳያውቀው ከአርባ ዓመት በፊት በተፈጠረ የሁለት ቋንቋ ድንበር ላይ ቆሟል ማለት ነው። ድንበር ተሻጋሪ ደግሞ ምን ይዞ እንደሚሻገር ማወቅ ይገባዋል።

ነገሩን የሚያብሰው ፕሮግራሙ አድራሻው ቢጠፋበትም ሥራውን የማያቆም መሆኑ ነው። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ብሌንደር ሥዕሉን ሲያጣ በሥፍራው ያንን ደማቅ ሮዝ ይቀባና ወደ ፊት ይቀጥላል። እስቲ ሒሳቡን እንየው። በሰከንድ 24 ምስል የሚያልፍበት የአንድ ደቂቃ ፊልም 1,440 ምስሎች አሉት። አንዱን ምስል ለመሥራት 2 ደቂቃ ቢፈጅ፥ ጠቅላላው 2,880 ደቂቃ ማለትም በአንድ ማሽን 48 ሰዓት ይሆናል። መብራት በየጊዜው በሚሄድበት፥ ለአንድ ሰርቨር ብዙ ተማሪ ወረፋ በሚይዝበት ሥፍራ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት የሌላውን ተራ ይዞ የሮዝ ግድግዳ መሥራት ከባድ ኪሳራ አይደለምን? የሚጎዳውም ባለሥራው ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ ኋላ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ነው።

በነገራችን ላይ ስለ ሮዙ ቀለም አንድ ቃል ልናገር። ብዙ ሰው ይሳደብበታል፤ እኔ ግን አመሰግነዋለሁ። ዐይን የሚወጋ ቀለም የተመረጠው በድንጋይና በእንጨት መካከል ተደብቆ እንዳያልፍ ነው። የጠፋውን ሥዕል በግራጫ ወይም በጥቁር የሚተካ ፕሮግራም ያጋጠመው ሰው ጉድለቱን የሚያውቀው ምናልባት ሥራው በመምህራን ፊት በታየበት ቀን ይሆናል። ጉድለቱን የሚጮህ ዕቃ ጉድለቱን ከሚሸፍን ዕቃ ይሻላል።

ሁለተኛው የአድራሻ አጻጻፍ አንጻራዊ አድራሻ ነው። ይህም ከማሽኑ ሥር ሳይሆን ከራሱ ከዋናው ፋይል የሚነሣ ነው። «እኔ ካለሁበት ፎልደር ውስጥ ሥዕሎች ወደሚባለው ግባ፤ ድንጋይ የሚባለውን አንሣ» ይላል። የአልማዝንም ስም፥ የድራይቩንም ፊደል አያነሣም። ጠቅላላው ፎልደር አንድ ላይ እስከ ተጓዘ ድረስ በላፕቶፕም፥ በፍላሽም፥ በሰርቨርም ላይ አድራሻው እውነት እንደ ሆነ ይኖራል።

ይህ አሳብ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ጎንደር በ1636 እ.ኤ.አ. ተቆርቁሮ ቋሚ መናገሻ ከመሆኑ በፊት ነገሥታቶቻችን የሚኖሩት አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን ሰፈር ነበር። ሰፈሩ ዛሬ ሸዋ፥ ነገ ሌላ አገር ይተከላል። ሆኖም መኳንንቱና ሠራዊቱ በደረሱበት ሜዳ ሁሉ ድንኳናቸውን የት እንደሚተክሉ አይጠፋቸውም ነበር። የእያንዳንዱ ሥፍራ የሚለካው ከንጉሡ ድንኳን ነበርና። ማዕረጎቹ ራሳቸው ይህን ይመሰክራሉ፤ ቀኝ አዝማች፥ ግራ አዝማች፥ ፊት አውራሪ፥ ደጅ አዝማች። ቀኙ የንጉሡ ቀኝ ነው፤ ደጁም የንጉሡ ደጅ ነው። «ቀኝ አዝማች ከእገሌ ወንዝ ማዶ፥ ከእገሌ ዋርካ ሥር ይሰፍራል» ተብሎ ተደንግጎ ቢሆን ኖሮ ሰፈሩ በተነቀለ ማግሥት ሠራዊቱ በተበታተነ ነበር። ዋናው ፋይል የንጉሡ ድንኳን ነው። ሥዕሎቹ ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች ናቸው። የሚጓዝ ሥራ እንደሚጓዝ ሰፈር መደራጀት አለበት።

አሁን ወደ አሠራሩ እንመለስ። በብሌንደር በሁለት ወደ ፊት ባዘመሙ መስመሮች የሚጀምር አድራሻ አንጻራዊ ነው፤ ትርጉሙም «ይህ ፋይል ካለበት ጀምሮ» ማለት ነው። ፕሮግራሙ አንጻራዊ አድራሻን በራሱ ይመርጣል፤ ታዲያ ለምን ሙሉ አድራሻ ይገባብናል? ሦስት ምክንያት አለ።

አንደኛው፥ ተማሪው ዋናውን ፋይል ገና ስም ሰጥቶ ሳያስቀምጥ ሥዕል መለጠፍ መጀመሩ ነው። ፋይሉ ራሱ የትም ካልተቀመጠ «እኔ ካለሁበት» ለማለት መነሻ የለውም፤ ስለዚህ ሙሉውን አድራሻ ይጽፋል። ድንኳኑ ሳይተከል ቀኝና ግራ አይታወቅም። ሁለተኛው፥ በዊንዶውስ ላይ ዋናው ፋይል በአንዱ ድራይቭ ሥዕሉ በሌላው ድራይቭ ሲሆን ነው። ከአንድ ድራይቭ ወደ ሌላው የሚያሻግር አንጻራዊ መንገድ የለም። ሦስተኛውና ተንኮለኛው «ሴቭ አዝ» ብሎ ዋናውን ፋይል ብቻ ወደ ፍላሽ ማስቀመጥ ነው። ፕሮግራሙ ባለቤቱን የጠቀመ መስሎት አድራሻዎቹን ሁሉ አስተካክሎ ወደ ላፕቶፑ መልሶ እንዲያመለክቱ ያደርጋቸዋል። ተማሪው ፍላሹን በዚያው ላፕቶፕ ላይ ከፍቶ ሲያየው ሁሉ ነገር አምሮ ይታየዋል፤ ተደስቶም ይሄዳል። እውነቱ የሚገለጠው ፍላሹ ከላፕቶፑ በተለየ ጊዜ ነው። ሥራን በገዛ ማሽን ላይ ከፍቶ ማየት ፈተና የማይሆነው ስለዚህ ነው።

ማያ በሚባለው ፕሮግራም የሚሠሩ ጓደኞቻችንም ከዚህ ነገር አላመለጡም። ማያ «ፕሮጀክት» የሚባል ፎልደር አዘጋጅቶ ለሥዕሎች «ሶርስ ኢሜጅስ» የሚባል ክፍል ይለይላቸዋል፤ የየክፍሉንም ሥፍራ በአንድ ፋይል ይመዘግባል። ሥርዐቱ ደግ ነው። ሥዕሉን ከዴስክቶፕና ከዳውንሎድ ፎልደር እያነሣ ለሚለጥፍ ሰው ግን ደግ ሥርዐት ምን ይፈይዳል?

ከአድራሻው መንገድ ቀጥሎ የሚመጣው ጣጣ የስም ነገር ነው። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ አለው። ለዊንዶውስ በትልቅ የተጻፈውና በትንሽ የተጻፈው ስም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ለሊኑክስ ግን ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። ስለዚህ በላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ሲገኝ የነበረ ሥዕል በሰርቨሩ ላይ በአንዲት ትልቅ ፊደል ምክንያት ይጠፋል።

የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ባይኖረውም የራሱ ፈተና አለው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ፋይልን በአማርኛ መሰየም ተችሏል። ይህም መልካም ነው። ነገር ግን «ፀሐይ» ብሎ የሰየመ ተማሪና «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ጓደኛው በቃል ሲነጋገሩ ይግባባሉ፤ በኮምፒዩተሩ ፊት ግን አይግባቡም። ለማሽኑ ሀ፥ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ሰ እና ሠም፥ አ እና ዐም፥ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። «ዓምድ» ተብሎ የተቀመጠ ሥዕል «አምድ» ተብሎ ቢጠራ አቤት አይልም። መምህሮቻችን የሆሄን ጥንቃቄ ሲያስተምሩን «ያው አንድ ነው» እያልን የምናልፍ ተማሪዎች ብንኖር፥ አንድ አለመሆኑን የሚያስታውስ ሰው ያልሆነ ፈራጅ መጥቶብናል።

ደግሞም አድራሻው አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል። ቅርሶችን በፎቶግራፍ ለሚመዘግቡ ሰዎች የተለመደው ኦ.ቢ.ጄ. የሚባለው የፋይል ዐይነት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቅርጹ በአንድ ፋይል ይቀመጣል። በዚያ ፋይል ውስጥ ኤም.ቲ.ኤል. የሚባል የሁለተኛ ፋይል ስም ተጽፏል። ሥዕሉ የት እንዳለ የተጻፈው በሁለተኛው ፋይል ውስጥ ነው። እንግዲህ ሦስት ቀለበት ያለው ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ ምስሉ ባዶ ቅርጽ ሆኖ ይቀራል። ደግነቱ ሁለቱም ፋይሎች ተራ ጽሑፍ ስለ ሆኑ በማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ከፍቶ አድራሻውን በዐይን ማንበብና ማረም ይቻላል። ጽሑፍ አንብቦ ስሕተቱን ማግኘት ደግሞ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ የሚያፍርበት ሙያ አይደለም።

ለዚህ አስተያየቴ የሚሰነዘሩትን ተቃውሞዎች ሳልመልስ ባልፍ ቅን ክርክር አይሆንም።

አንዳንዶች «አዲሱ ሰርቨር የአሮጌውን አድራሻ አስመስሎ ቢዘጋጅ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር» ይላሉ። እውነት ነው፥ በአዲሱ ሰርቨር ላይ በአሮጌው ስም የሚጠራ ማመልከቻ ማቆም ይቻላል፤ አሮጌውን ስም የጠራ ሁሉ ወደ አዲሱ ሥፍራ ይመራል። ለአስቸኳይ ጊዜ ተገቢ መላ ነው፤ የሰርቨር ኃላፊዎችም ማሽን ሲለውጡ ሊያደርጉት ይገባል። ነገር ግን ዘላቂ መድኃኒት አይሆንም። ሰርቨሩ የሁሉንም ተማሪ ዴስክቶፕ ሊመስል አይችልም። ሦስተኛው ሰርቨር ሲመጣም የሁለቱን ሊመስል፥ አራተኛው የሦስቱን ሊመስል ነው። የሞቱ አድራሻዎችን እየተሸከምን እስከ መቼ እንኖራለን?

ሌሎች «ሥዕሎቹን ሁሉ በዋናው ፋይል ሆድ ውስጥ ማሸግ ነው እንጂ ምን ያስጨንቃል» ይላሉ። ብሌንደር ይህን ማድረግ ይችላል። ጂ.ኤል.ቲ.ኤፍ. የሚባለው የፋይል ዐይነትም ሁሉን በአንድ ፋይል የሚያሽግ መልክ አለው። ለመላክና ለማስረከብ በእርግጥ የሚመች ዘዴ ነው። በሥራ ላይ ላለ ቡድን ግን አይመችም። ፋይሉ እጅግ ይወፍራል፤ በተቀመጠ ቁጥር ሁሉም እንደገና ይጻፋል። አምስት ተማሪዎች በአንድ የድንጋይ ሥዕል የሚጠቀሙ ከሆነ አምስት ቦታ ይባዛል፤ አንዱ ሥዕሉን ሲያርመው አራቱ አሮጌውን እንደ ያዙ ይቀራሉ። እንደ ቪዲዮ ያለው ደግሞ በብሌንደር አይታሸግም። ስለዚህ ማሸግ ለጉዞ እንጂ ለኑሮ አይሆንም።

ሦስተኛዎቹ «ፕሮግራሙ የጠፉትን ፋይሎች ፈልግ የሚል ትእዛዝ አለው፤ ሲጠፋ እንፈልጋለን» ይላሉ። ትእዛዙ አለ፥ ይጠቅማልም። ነገር ግን የሚፈልገው በፋይሉ ስም ነው። ተማሪው በሦስት ፎልደሮች ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሥዕሎችን ሁሉንም «ግድግዳ» ብሎ ሰይሞ ከሆነ የትኛው ግድግዳ ለየትኛው ቤት እንደ ሆነ ማን ይነግረዋል? የሮዝ ግድግዳ ስሕተት መሆኑን ይናገራል፤ የሌላ ቤት ግድግዳ ለብሶ የቆመ ቤት ግን ስሕተት መሆኑን አይናገርም። የቅርስ ጥናት ከሆነ ይህ ውሸት ከመጻፍ አይለይም። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ በረቱን አያድነውም።

አራተኞቹ ደግሞ «ይህ የቴክኒሻን ጉዳይ ነው፤ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ምን አገባው?» የሚሉ ናቸው። ለእነዚህ የምመልሰው ረዘም ያለ ነው።

የአርት ፋኩልቲ ትምህርት አንዱ መሠረት ማስረጃን አንባቢ ሊያገኘው በሚችል መንገድ ማመልከት ነው። «ይህን ያገኘሁት ክፍሌ ውስጥ ካለው መደርደሪያ በሁለተኛው ረድፍ ነው» ብሎ በጽሑፉ ግርጌ የሚጽፍ ተማሪ ቢኖር እንስቅበታለን። መጽሐፉ እውነተኛ ነው፥ መደርደሪያውም እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን አንባቢው ወደ ክፍሉ ሊገባ አይችልም። በፋይል ውስጥ የገዛ ዴስክቶፕን አድራሻ ትቶ መሄድ ከዚህ በምን ይለያል? አባቶቻችን የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት ዝርዝር በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ይጽፉ የነበረው ዝርዝሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ሀብት ሁሉ እጅግ ከሚጠበቀው ነገር ጋር አብሮ እንዲኖር ነው። ዝርዝርንና ዕቃን አለማለያየት ትናንት የመጣ ጥበብ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያሳስበኝ የወራሾች ነገር ነው። ብሌንደርን ያለ ክፍያ የምንጠቀመው ለምን እንደ ሆነ እናስታውስ። ቶን ሮዘንዳል የተባለው የሆላንድ ሰው በ1994 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይህ ፕሮግራም፥ ያሳትመው የነበረው ድርጅት ሲዘጋ አብሮ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. ከተጠቃሚዎች 100,000 ዩሮ ተዋጥቶ የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለሕዝብ ነፃ ወጣ። ከዚያም በ2006 እ.ኤ.አ. «ኤሌፋንትስ ድሪም» የተባለው አጭር ፊልም ሲወጣ ፊልሙ ብቻ ሳይሆን የተሠራባቸው ፋይሎች ጭምር ለማንም ሰው ተሰጡ። ዓላማው ሌላው ሰው ፋይሎቹን ከፍቶ እንዲማርባቸው ነበር። ከፍቶ መማር የሚቻለው ደግሞ ፋይሎቹ ሥዕሎቻቸውን በተቀባዩ ማሽን ላይ ማግኘት ሲችሉ ብቻ ነው። ለሰው የተሰጠ ነገር ሁሉ ለሰው ደረሰ ማለት አይደለም።

እኛስ ምን እናወርሳለን? ተመራቂው ይሄዳል፤ ላፕቶፑ ይሸጣል ወይም ይበላሻል። በሰርቨሩ ላይ የሚቀረው ፋይል ብቻ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያንን የጥንት ቤት ሞዴል ሊያጠናበት ይከፍተዋል። ምናልባት እውነተኛው ቤት በዚያን ጊዜ ፈርሶ ይሆናል። ግድግዳው ምን ዐይነት ድንጋይ እንደ ነበር፥ ልስኑ ምን መልክ እንደ ነበረው የሚመሰክር አንድ ፎቶግራፍ ነበር፤ እርሱም በተሸጠ ላፕቶፕ ዴስክቶፕ ላይ ቀርቷል። ተማሪው የሚያገኘው የሮዝ ቤት ነው። ያንን ቤት ሁለት ጊዜ አፈረስነው ማለት አይደለምን? የመጀመሪያውን ማፍረስ ምናልባት ልንከለክለው አንችልም ይሆናል። ሁለተኛውን ግን እንችላለን፤ ለዚያውም ያለ ገንዘብ።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ከየትምህርት ክፍሉ ጋር ተነጋግሮ የሚከተሉትን ደንቦች እንዲያጸድቅ አሳስባለሁ።

1ኛ. እያንዳንዱ ሥራ አንድ ፎልደር ይኑረው። ዋናው ፋይል ሥዕል ከመለጠፉ በፊት እዚያ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሥዕሉም ድምፁም ቪዲዮውም በዚያው ውስጥ በየክፍሉ ይደርደር። ከዴስክቶፕና ከዳውንሎድ ፎልደር በቀጥታ መለጠፍ ይቅር።

2ኛ. አድራሻዎች ሁሉ አንጻራዊ ይሁኑ። ብሌንደር አድራሻዎቹን በአንድ ትእዛዝ አንጻራዊ ያደርጋል፤ የጎደሉትንም በሌላ ትእዛዝ ዘርዝሮ ይናገራል። ከማስረከብ በፊት ሁለቱም ይፈጸሙ።

3ኛ. ለፋይሎች የሚሰጠው ስም በላቲን ከሆነ ሁሉም በትንሽ ፊደል፥ በአማርኛ ከሆነ ቡድኑ በተስማማበት አንድ ሆሄ ይጻፍ። አንዳንድ አሮጌ የማሸጊያ ፕሮግራሞች የላቲን ያልሆነ ስም ስለሚያበላሹ በአማርኛ የተሰየመው ታሽጎ ተፈትቶ ይታይ።

4ኛ. በፎልደሩ ውስጥ የሥዕሎቹን ስም፥ የት እንደ ተነሡና ማን እንዳነሣቸው የሚናገር አንድ ተራ የጽሑፍ ዝርዝር ይኑር።

5ኛ. ማንኛውም ሥራ በሌላ ሰው ማሽን ላይ ተከፍቶ ሳይታይ ተቀባይነት አያግኝ። የሌሊት ወረፋ የሚይዝ ሰውም አስቀድሞ አንዲት ምስል ብቻ በትንሽ መጠን በሰርቨሩ ላይ አሠርቶ ይይ። የ5 ደቂቃ ሥራ የ48 ሰዓት ኪሳራን ያስቀራል።

6ኛ. ሰርቨር ሲለወጥ ተማሪዎች ቀደም ብለው ይነገራቸው፤ አሮጌው አድራሻም ቢያንስ አንድ ወሰነ ትምህርት ወደ አዲሱ እየመራ ይቆይ።

ከእነዚህ ስድስት ደንቦች ውስጥ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ አንድም የለም። አዲስ ማሽን አያስፈልግም፤ ከውጭ የሚመጣ ባለሙያም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሥራውን የሚጀምረው ተማሪ በመጀመሪያው ቀን «ይህን ፋይል ከእኔ በኋላ የሚከፍተው ማን ነው?» ብሎ ራሱን መጠየቁ ብቻ ነው።

በዚህ ዓመት የምትመረቁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ገና ጊዜ አላችሁ። ሥራችሁን በፍላሽ ይዛችሁ ወደማታውቁት ሰው ማሽን ሂዱ፤ ክፈቱት፤ ሮዝ ካያችሁ ዛሬውኑ አርሙት። ላፕቶፑ በእጃችሁ ሳለ የጠፋ ሥዕል የለም።